በነሐሴ የተሸጠ ቅቤ

ቅቤ የምትገዙ በነሐሴ ግዙ። ሣሩ ለምለም፣ ላሞቹ ወተታም ናቸው፤ ገበሬውም ለልጆቹ ደብተር መግዣ ስለሚቸኩል ብዙ አይከራከርም። የምትታመሙ ግን፣ ምርጫው በእጃችሁ ከሆነ፣ በጥር ታመሙ። በጥር እህል ገብቷል፣ የጤና መድን ካርድ ይታደሳል፣ መንገዱም ደረቅ ነው። ባለቤቴ ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ሆኖም በሰኔ ታመመ። ያለ ወቅቱ አንድ ነገር ሲያደርግ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ባለቤቴ ወላይታ ሶዶ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነው። እሱ ይቆርጣል፣ ይሰፋል፤ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እጠልፋለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቁልፍ ስተክል በመኖሬ የሚያዝኑልኝ ሰዎች አሉ። እኔን ግን ሥራው ተስማምቶኛል፤ ቁልፍ አያወራም፣ እኔም ብዙ አላወራም። ልጃችን ምሕረት አግብታ ሐዋሳ ትኖራለች። ጎረቤቱ ሁሉ የምሕረት አባት፣ የምሕረት እናት ነው የሚለን።

የምሕረት አባት ቆጣቢ ነው። ለሰው አይሳሳም፤ ለራሱ ሲሆን ነው እጁ የሚያዘው። ከመርፌ የተረፈች ክር አይጥልም። በሰፈራችን መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለው እሱ ብቻ ነው፤ «ቆጣሪው አረፈ» ይላል።

በሽታውን ያወቅነው በሱሪው ነው። አንድ ቀን የራሱን ሱሪ ወገብ ሲያጠብ አየሁት። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ያጠብ ጀመር።

«ምን ሆኖ ነው?» አልኩት።

«የዘንድሮ ጨርቅ ይለጠጣል።»

«ጨርቁ የዘንድሮ አይደለም። ለምሕረት ሠርግ የሰፋኸው ነው።»

«እንግዲያው አርጅቶ ነው» አለና የስፌት መኪናውን መርገጥ ቀጠለ።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲያጠበው የኋላ ኪሶቹ ሊነካኩ ደረሱ። ገልብጦ ካየው በኋላ፣ «አንዱን ኪስ ብናነሳው ጨርቅ ይተርፈናል» አለ። ሐኪም ቤት እንሂድ ያልኩት ያን ጊዜ ነው። ምግብም ይተናነቀው ጀምሮ ነበር፤ እሱ ግን ተናንቆኝ ሳይሆን ጠግቤ ነው ይል ነበር።

የጤና መድን ካርዳችንን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ከመጽሐፍ ቅዱሱ ጋር ነው የሚያስቀምጠው። በየዓመቱ ከሰፈሩ ሁሉ ቀድሞ የሚያሳድሰው እሱ ነው። ይህን ያህል ዘመን ከፍለን አንድም ቀን ሳንታከምበት በመቅረታችን ሳይቆጨው አልቀረም። በዚያ ጠዋት ካርዱን ከፕላስቲኩ ሲያወጣ የታመመ ሰው ፊት አልነበረውም፤ ያበደረውን ሊያስመልስ የሚሄድ ሰው ይመስል ነበር።

ሆስፒታሉ ስለሚቀርበን በቀጥታ ወደዚያ ሄድን። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ፣ «አባባ፣ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ነው የሚሄዱት። ከዚያ ሪፈር ይጽፉልዎታል» አለችው።

«ልጄ፣ በሽታው እኮ አብሮኝ መጥቷል። ይኸው እዚህ ነው።»

ሳቀች፤ ግን መለሰችን። ባጃጅ እንያዝ ስለው እምቢ አለ፤ ቁልቁለት ነው ብሎ በእግር ወሰደኝ። እኩሌታው መንገድ ላይ አቅም አነሰውና አንድ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ሲቀመጥ ያየው የባጃጅ ሹፌር ነገሩ ወዲያው ገብቶት፣ «ኮንትራት ነው» አለን። የምሕረት አባት እስከ ጤና ጣቢያው ድረስ ያቃሰተው ከሕመሙ ይልቅ በኮንትራቱ ነበር።

ጤና ጣቢያው መልሶ ወደ ሆስፒታሉ ላከን። ሆስፒታሉ የሚችለውን በካርዱ መረመረ፤ መሣሪያው የተበላሸበትን ደግሞ ውጭ አሠርታችሁ አምጡ አለን። ውጭ ማለት ከኪስ የሚከፈልበት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ በሬና ስለ ቅቤ መናገር አለብኝ። በእኛ አገር ከአንድ መስቀል እስከ ሌላው መስቀል ወንዶች ለበሬ፣ ሴቶች ለቅቤ ያጠራቅማሉ። በመስቀል ሰሞን ለሚውለው ጊፋታ፣ ለወላይታ አዲስ ዓመት፣ ሥጋ ያላመጣ ባልና ቅቤ ያላቀረበች ሚስት ዓመቱን አንገታቸውን ደፍተው ነው የሚያሳልፉት። ስለዚህ ያን ገንዘብ ማንም አይነካም። የምሕረት አባት ነካው። ከበሬ ማኅበሩ ድርሻውን ወስዶ ተመረመረበት። «ጎድኑን ለራጅ ሰጠሁ፣ ሽንጡን ለአልትራሳውንድ፤ ምላሱን ደግሞ በአፌ ላስገቡት ቱቦ ከፈልኩ» እያለ ለሚጠይቁት ሁሉ ይናገር ነበር።

ውጤቱን ያየው ሐኪም ወጣት ነው፤ ሲናገር ዓይን ያያል።

«እማማ፣ አባባ ሆዳቸው ውስጥ እብጠት አለ። ኦፕራሲዮን ያስፈልጋቸዋል። አታቆዩት።»

«በካርዱ ይሆናል?» አለ የምሕረት አባት።

«ይሆናል አባባ፤ ግን ወረፋ አለ። የሚደርስዎ ከመስቀል በኋላ ነው።»

«በግል ከሆነስ?» አልኩ እኔ።

«በግል ከሆነ በዚህ ሳምንትም ይቻላል። የእኔ አባት ቢሆኑ አልጠብቅም።»

የምሕረት አባት ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። «አየሽ፣ በነፃ አለ» አለኝ።

ቤት ገብቼ ያለንን ነገር በዓይኔ ዞርኩት። የስፌት መኪናውን ብሸጠው፣ ሲድን በምን ሊሠራ ነው? ምሕረት ያላትን ልካለች፤ ከዚያ በላይ ከየት ታምጣ? ዓይኔ ዞሮ ዞሮ አልጋው ሥር ቆመ። አልጋው ሥር የሴቶቹ ቅቤ ነበር።

ቅቤው የሰፈራችን ሴቶች ማኅበር ነው። ዓመቱን ሙሉ እናዋጣና በነሐሴ፣ በርካሹ ጊዜ፣ እንገዛለን። ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ተደርጎ፣ አፉ በኮባ ታስሮ፣ እስከ ጊፋታ ዋዜማ አይከፈትም። እኔ ቤት የሚቀመጠው ዝምተኛ ስለሆንኩ ነው። ዝምተኛ ሴት ቅቤ አትሰርቅም ብለው ያምናሉ።

በማግስቱ የምሕረት አባት ታናሽ ወንድም ጩማ ከገሱባ መጣ። ጩማ ገበሬ ነው፤ ደግ ነው፤ ድምፁ ከአንድ እርሻ እስከ ሌላው እንዲሰማ ሆኖ የተሠራ ነው። ሚስቱን፣ የሚስቱን እህቶችና ጎረቤቶቹን አስከትሎ፣ አንድ ዶሮና አንድ ዘለላ ሙዝ ይዞ ገባ። ዶሮዋን ለራሳቸው ሠራሁላቸው፤ አልበቃችም፤ ሌላ ጨመርኩ። የታመመ ሰው ያለበት ቤት ወጪው መድኃኒት እንዳይመስላችሁ፤ ጠያቂ ነው።

ጩማ ከበላ በኋላ አፍንጫውን ቀና አደረገ።

«እትዬ፣ እዚህ ቤት ቅቤ አለ።»

«የሰው ነው።»

«አንድ ጣሳ አቅልጠሽ ብታጠጪው እብጠቱ ይሟሟ ነበር።»

«ሐኪሙ ኦፕራሲዮን ብሏል።»

«ሐኪሙ የየት አገር ሰው ነው?»

«ከሩቅ ነው የመጣው።»

«ታዲያ ስለ ቅቤ ምን ያውቃል!»

የምሕረት አባት ከአልጋው ላይ ድምፁን አሰማ። «ጩማ፣ ቅቤውን ተወው። ገና ዋጋው አልወጣም። ለመስቀል እጥፍ ይሆናል።»

እንዲህ ሆነን ሰነበትን። ከአልጋው ሥር ያለው በየቀኑ እየተወደደ፣ ከአልጋው ላይ ያለው በየቀኑ እየቀለለ ሄደ።

አንድ ጠዋት ነጠላዬን ለብሼ የእስራኤል እናት ጋ ሄድኩ። የእስራኤል እናት የቅቤ ማኅበሩ ሰብሳቢ ናት፤ ዳታ የሚባለውን የተፈጨ በርበሬ እየሸጠች ስድስት ልጅ ያሳደገች፣ ትከሻዋ ሰፊ ሴት። ሴቶቹን ግቢዋ ውስጥ ሰበሰበችልኝ። ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ስቆም ግን ከንግግሩ የቀረኝ መጨረሻው ብቻ ነበር።

«ቅቤውን ስጡኝ። ልሸጠው ነው» አልኩ።

አንዷ፣ «ለጊፋታ ምን ልናበላ ነው?» አለች።

«ዘይት» አለች ሌላዋ።

«ዘይት! አማቴ ከሁምቦ ነው የምትመጣው። ዘይት ባቀርብላት ለልጇ ሌላ ሚስት ፈልጋለት ነው የምትመለሰው።»

«ያንን ሰው የምትወስድልሽ ከተገኘች እንኳን ደስ ያለሽ!»

ሳቁ። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። የእስራኤል እናት ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀች።

«ኦፕራሲዮን ከሆነ ይድናል?» አለችኝ።

«እንጃ።»

«ሐኪሙ ምን አለ?»

«አታቆዩት አለ።»

«ታዲያ እኛ ምን እያቆየን ነው?» ብላ ተነሣች። «ባሎቻችሁ ቅቤው የት ገባ ካሏችሁ፣ ታሞ ሐኪም ቤት ሄደ በሏቸው።»

መቼ ትመልሺያለሽ ያለችኝ አንዲትም አልነበረችም።

የምሕረት አባት ሲሰማ ተቆጣ። «በነሐሴ ገዝቶ በነሐሴ የሚሸጥ ነጋዴ የት አይተሻል? ትንሽ ብትታገሺ እኮ እጥፍ ነው!» አለኝ። ነጋዴ እንዳልሆንኩ ነገርኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔም ማሰሮውን ከሥሩ ሳብኩ።

በዕድሜዬ ገበያ ወጥቼ ሸጬ አላውቅም። ጩማ ማሰሮውን ተሸክሞልኝ ወጣን፤ ከቅቤ ሻጮቹ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሌሎቹ ሴቶች ከገጠር የመጡ ናቸው፤ መልካቸውም አነጋገራቸውም ቅቤ ይሸጣል። እኔ መነጽር አድርጌ፣ ሰዓት አስሬ ተቀምጫለሁ። ገዢዎች ይመጣሉ፣ ማሰሮውን ያያሉ፣ ሰዓቴን ያያሉ፣ ያልፋሉ።

በመጨረሻ አንዲት ሴት ቆማ ጣቷን ነከረች፤ አሸተተች። «እማማ፣ የከተማ ሰው ይህን ሁሉ ቅቤ ከየት አገኙ? ሙዝ ደባልቀውበት እንዳይሆን» አለች። ሙዝ የሚደባልቁ መኖራቸውን ሰምቻለሁ። ምን ብዬ እንደምመልስ ሳስብ ሰው ተሰበሰበ። አንዱ በእሳት ቀልጦ ይታይ አለ፤ ሌላው ፖሊስ ይጠራ አለ።

ጩማ ይህን ጊዜ ሊረዳኝ ተነሣ። አለመነሣቱ ይሻል ነበር።

«ስሙኝ ወገኖቼ!» አለ በዚያ ድምፁ። «ይህን ቅቤ የማውቀው እኔ ነኝ! ንጹሕ ነው! ከገዙት ጀምሮ ማንም አልነካውም! ወንድሜ ታሞ ከተኛበት አልጋ ሥር አልወጣም!»

ጣቷን የነከረችው ሴት ጣቷን የት እንደምትጠርግ ጠፍቷት ቀረች። ሰዉ ክብ ሆኖ እንደተሰበሰበ ክብ ሆኖ ወደ ኋላ ሄደ። «ምን አጠፋሁ?» አለኝ ጩማ። ምንም አልኩት።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የእስራኤል እናት ከነዘንቢሏ ብቅ አለች። ፊቴን አይታ የማታውቅ መስላ ቆመች። «የእኔ እመቤት፣ ይህ የሚያምር ቅቤ ስንት ነው?» ስትለኝ ደነገጥኩ። ዋጋውን ነገርኳት። «ይህን ያህል ብቻ? ርካሽ ነው!» አለች። ከኋላዋ ሌላዋ ጎረቤቴ መጥታ፣ «እኔ ቀድሜ አይቼዋለሁ፤ ጨምሬ እወስዳለሁ» አለች። ያቺ የሁምቦዋ አማት ያለቻት ደግሞ በእጇ ዛቅ አድርጋ አናቷ ላይ ለቀለቀችና፣ «እንዲህ ዓይነት ቅቤ ከሠርጌ ወዲህ አላየሁም!» ብላ ጮኸች። ሁሉም ዋጋ እየጨመሩ ተጣሉልኝ። ከመካከላቸው አንዲትም ገንዘብ የያዘች አልነበረችም።

አንዲት የክትፎ ቤት ባለቤት ዳር ቆማ ስታይ ቆየችና ማሰሮውን እንዳለ በቀኑ ዋጋ ገዛችኝ። ስትከፍለኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እነዚያ ጎረቤቶችሽ ናቸው አይደል?» አለችኝ።

«ናቸው።»

«ገዢ ሆኖ ዋጋ የሚያስወድድ ዛሬ ገና አየሁ» አለች። ከዚያ የታመመብሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ ብላ ማሰሮዋን አስነሥታ ሄደች።

በዚያው ሳምንት የምሕረት አባት የግል ሐኪም ቤት ለኦፕራሲዮን ገባ። የእስራኤል እናት፣ ጩማና እኔ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ብዙ ሰዓት ይፈጃል ተብለን ስለነበር የእስራኤል እናት ቆሎ ይዛ መጥታለች። ቆሎው ገና ሳይጋመስ ሐኪሙ ወጣ። «ሎኦ! ጥሩ ነው፣ ቶሎ አለቀ!» አለ ጩማ።

ሐኪሙ ለብቻዬ ወሰደኝ።

«እማማ፣ ከፍተን አየነው። ተሰራጭቷል። የምናነሣው አልሆነም። መልሰን ዘጋነው።»

«ያመዋል?» አልኩት።

«የሚያስታግስ እንሰጣቸዋለን።»

አመሰግናለሁ ብዬ ወደ ገንዘብ ቤት ሄድኩ። ሥራው ስላጠረ ክፍያውም አጥሮ ነበር፤ አስቀድሜ ካስያዝኩት ላይ መለሱልኝ። ሐኪም ቤት ገንዘብ ሲመልስ ሰምቼም አላውቅ። ሳልቆጥር ጉያዬ ውስጥ ከተትኩት። የእስራኤል እናት አግዳሚው ላይ ሆና እያየችኝ ነበር፤ የያዘችውን ቆሎ መልሳ ከረጢቱ ውስጥ አደረገችው።

የምሕረት አባት ሲነቃ የመጀመሪያ ቃሉ፣ «ስንት ጨረሰ?» ነበር።

«ካሰብነው አነሰ።»

«በጣም?»

«በጣም።»

ፊቱ በራ። «ካርዱን አሳይተሻቸው ነው! አላልኩሽም?»

«አሳይቻቸው ነው» አልኩ። ካርዱ በዚያ ቤት አይሠራም። ከቤትም አላወጣሁትም ነበር።

የቁስሉ ፋሻ ሊቀየር ሲፈታ ስፌቱን ጎንበስ ብሎ መረመረው። «ቀጥ ያለ ነው» አለ። «ግን ልኩን ለማየት ለጊዜው የሚሰፋውን ይመስላል። ባለሙያው ቸኩሎ ነበር።» እኔ የመስኮቱን መጋረጃ አስተካክል ነበር።

ከዚያ በኋላ ሊጠይቀው የመጣ ሁሉ ስለ ጤና መድን ካርድ ሳይሰማ አይወጣም። «አሳድሱ! እኔን እዩኝ፤ ኦፕራሲዮን ሆኜ ገንዘብ ተመልሶልኛል!» ይላል። ጠያቂዎቹ ሁኔታውን ያውቃሉ፤ የእስራኤል እናት ነግራቸዋለች። አጥንቱ የወጣ ፊቱን እያዩ፣ «እውነት ነው የምሕረት አባት፣ እናሳድሳለን» ይሉታል። ከጠያቂዎቹ ያላወቀው ጩማ ብቻ ይመስለኛል፤ ወይም አውቆ ነው። ገሱባ ሄዶ ቤተሰቡን በሙሉ አስመዘገበ።

የጊፋታ ዋዜማ የምሕረት አባት ጠራኝና የተመለሰውን ገንዘብ አምጪ አለኝ። «ሴቶቹ ያለ ቅቤ አይውሉም። ሄደሽ ግዢበት» አለ። ሴቶቹ እንደማይቀበሉ ብነግረውም አልሰማኝም። ገበያው በሰው ተጨናንቋል፤ ዋጋው እንዳለው እጥፍ ሆኗል። ሻጯ ዋጋ ስትነግረኝ ሳልከራከር ሰጠኋት። ደንግጣ ትንሽ ጨመረችልኝ።

«በስንት ገዛሽው?» አለኝ ስገባ።

የነሐሴውን ዋጋ ነገርኩት።

«በዋዜማ?» ቀና ለማለት ሞከረ። «በዋዜማ በነሐሴ ዋጋ! እኔ ሳልኖር ገበያ መልመድሽ ነዋ!»

ለእያንዳንዱ ቤት አንዳንድ ማንኪያ ብትደርስ ነው። የሁምቦዋ አማት መጣች፣ የቀረበላትን በላች፣ ምንም ሳትናገር ሄደች አሉኝ። ለእሱ ቡላ አገነፋሁለት። ቅቤ አታብዢ አለኝ፤ አበዛሁት። ሁለት ማንኪያ ዋጠና በቃኝ አለ። የተረፈውን ክደኚው፣ ነገ እበላዋለሁ አለ። ከደንኩት።

በዓሉ ባለፈ በመጀመሪያው እሑድ የቅቤ ማኅበሩ የአዲሱን ዓመት መዋጮ ጀመረ። የምሕረት አባት ገንዘቡን ራሱ አዘጋጅቶ፣ «ወደ ኋላ ከቀረሽ ይከብድሻል፤ ዛሬውኑ ክፈዪ» ብሎ ላከኝ። መዋጮው የሚከፈለው በቤቱ ሰው ልክ ነው፤ ለጊፋታ የሚበላ ሰው ሲበዛ ይበዛል፣ ሲያንስ ያንሳል። የእስራኤል እናት በየተራ ትጠይቃለች፤ ሴቶቹ ለአምስት፣ ለሰባት እያሉ ይከፍላሉ። የእኔ ተራ ደረሰ።

«የምሕረት እናት፣ ለስንት ሰው?»

አንዷ ልጇን ልትቆጣ አፏን ከፍታ ሳትቆጣው ቀረች።

«ለሁለት» አልኩ።

የእስራኤል እናት ትንሽ አየችኝ። ከዚያ «ለሁለት» ብላ እጇን ዘረጋችልኝ።